«ማ»፦ አንዲት ፊደል በብዙ አንደበት

በተማሪዎች መካከል ከሚነሡት ክርክሮች ሌሊቱን እስከ እኩሌታው የሚያስቀምጠውና ብዙ ጊዜም ሳይቋጭ የሚታደረው የቋንቋ ዝምድና ክርክር ነው። አንዱ ጃፓኖች «አንተ» ለማለት «አንታ» እንደሚሉ ከፊልም ሰምቶ ይመጣና «እነዚህ ሰዎች ዘመዶቻችን ናቸው» ይላል። ሌላው በስዋሂሊ ውሃ «ማጂ» መባሉን ይሰማና ከግዕዙ «ማይ» ጋር ያጣብቀዋል። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን ወደ አገር ቤት ይመልሰውና «ይህ ቃል የእኛ ነበር፥ እናንተ ወሰዳችሁት» ብሎ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ጨዋታነቱ ይቀራል። ስለ አንድ ቃል የተጀመረው ክርክር ማን ቀድሞ ሠለጠነ፥ ማን ከማን ተማረ፥ ማን የማን ባለዕዳ ነው ወደሚለው ይሻገራል።

እንዲህ ያለው ክርክር የሚበላሸው ተከራካሪዎቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም። ማስረጃ ብለው የሚይዙት ነገር ማስረጃ ስላልሆነ ነው። ሁሉም የሚቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም «ሁለት ቃላት በድምፅ ከተመሳሰሉ ዘራቸው አንድ ነው» የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ረጅም ቃል አያስፈልገንም፤ እንዲያውም ቃሉ ባጠረ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ስለዚህ ከፊደል ገበታችን አንዲት ፊደል ብቻ፥ «ማ»ን፥ ይዘን አገር ላገር እንዙር።

በቤታችን ያለችው «ማ»

ከአማርኛ እንነሣ። በአማርኛ «ማ» ቢያንስ ሦስት ሥራ አላት። አንደኛ፥ በብዙ ቦታ ሰው «ማን መጣ?» በማለት ፈንታ «ማ መጣ?» ይላል፤ ይህች ጠያቂ ናት። ሁለተኛ፥ «እኔማ አልሄድም»፥ «ይህማ የታወቀ ነው» ስንል ከቃል መጨረሻ ተለጥፋ ነገሩን ታጠብቃለች፥ አንዱንም ከሌላው ትለያለች። ሦስተኛ፥ «መብላት» የነበረው «ማብላት»፥ «መጠጣት» የነበረው «ማጠጣት» ሲሆን ከቃሉ ፊት ትቆማለች። ይህች ሦስተኛዪቱ ስትመረመር እንዲያውም አንድ ነገር አይደለችም፤ የ«መብላት» «መ» እና የ«አበላ» «አ» ተጋጥመው የወለዷት ናት።

«እኔማ ማ ማብላት እንዳለበት አላውቅም» ብንል ሦስቱ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ጆሮ አንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ ሰዋስው ግን ሦስት የተለያየ ሥራ ያያል። በአንድ ቋንቋ፥ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፥ ባሕር ተሻግረን የምናገኛትን «ማ» ገና በድምፅዋ ብቻ «የእኛ ናት» ለማለት ምን ያስቸኩለናል?

ዙሪያ ገባው

አሁን ከቤት እንውጣ። በዐረብኛ «ማ» «ምን» ማለት ነው፤ «ማ ሃዛ?» «ይህ ምንድር ነው?» ነው። በዕብራይስጥም «ማ ዜ?» እንዲሁ ነው። በዐረብኛ ግን ያችው «ማ» ከግሥ ፊት ስትቆም ነገሩን ታፈርሰዋለች፤ «ከተበ» «ጻፈ» ሲሆን «ማ ከተበ» «አልጻፈም» ይሆናል። ሶማልኛ ደግሞ ጥያቄውንም እምቢታውንም በ«ማ» ያስኬዳል። «ማ ታቃን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ታውቃለህን?» ማለቱ ነው፤ የሚመልስለት ሰው «ማ አቃን» ቢለው «አላውቅም» ማለቱ ነው።

በፋርስ ቋንቋ «ማ» «እኛ» ነው። በኢስቶንያ ቋንቋ «እኔ» ነው። በፖላንድ ቋንቋ «አለው» ወይም «አላት» ነው። በሀንጋሪ «ዛሬ» ማለት ነው። በፊንላንድ ድምፁ ረዘም ሲል ምድር ወይም አገር ይሆናል። ጣልያን «ማ» ሲል «ግን» ማለቱ ነው፤ ፈረንሳዊ «ማ» ሲል፥ ተከታዩ ስም በአንስታይ ጾታ የሚነገር ከሆነ፥ «የእኔ» ማለቱ ነው። በጃፓንኛ በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ክፍተት፥ የቦታም ሆነ የጊዜ፥ «ማ» ይባላል። በስዋሂሊ ከስም ፊት እየገባች ታበዛለች፤ «ቱንዳ» ፍሬ ሲሆን «ማቱንዳ» ፍሬዎች ነው። በቱርክኛ በግሥ መጨረሻ ትለጠፋለች፤ «ኦኩ» «አንብብ» ሲሆን «ኦኩማ» «አታንብብ» ነው። ነገር ግን የድምፁ ጫና ከ«ኩ» ተነሥቶ በ«ማ» ላይ ሲያርፍ ያው «ኦኩማ» ክልከላነቱ ይቀርና «ማንበብ» ይሆናል።

ዜማ ባላቸው ቋንቋዎች ነገሩ ከዚህ ይብሳል። በቤጂንግ በሚነገረው ቻይንኛ «ማ» ድምፁ ከፍ ብሎ ሲደለደል እናት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ገመድ የሚሠራበት የቃጫ ተክል ነው፤ ወርዶ ሲነሣ ፈረስ ነው፤ ወደ ታች ሲወድቅ መስደብ ነው። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ቀለል ተደርጎ ሲነገር ደግሞ የጥያቄ ምልክት ነው። ቬትናሞች ስድስት ዜማ አላቸው፤ በስድስቱ ዜማ «ማ» የሙት መንፈስ፥ እናት፥ «ግን»፥ መቃብር፥ ፈረስና የሩዝ ችግኝ ትሆናለች። የዜማ ስሕተት እናትን ፈረስ ያደርጋል ማለት ነው።

ለምን ተመሳሰሉ?

ሁለት ቃላት በሁለት ቋንቋዎች የሚመሳሰሉባቸው በሮች አራት ናቸው፤ አጋጣሚ፥ የሕፃን አፍ፥ ውሰትና ዘር። «ማ» በአራቱም ትገባለች።

የአጋጣሚ በር ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው። የፊደል ገበታችን 33 ፊደሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 7 መልክ ስላላቸው 231 ይሆናሉ። በድምፅ የሚደጋገሙት ሐ፥ ኀ፥ ኸ፥ ሠ፥ ዐ እና ፀ ሲቀነሱ የሚቀሩት 27 ናቸው፤ በ7 ሲባዙ 189። አማርኛ የሚፈልገውን አጭር ቃል ሁሉ የሚመርጠው ከነዚህ ነው። በቤጂንግ የሚነገረው ቻይንኛ ዜማው ካልተቆጠረ ያሉት ክፍለ ቃላት 400 ያህል ብቻ ናቸው። በዓለም ላይ ደግሞ 7,000 ያህል ቋንቋዎች አሉ። ከንፈርን ገጥሞ በአፍንጫ የሚነገረው የ«መ» ድምፅና አፍን ከፍቶ የሚነገረው የ«ኣ» ድምፅ ከጥቂቶች በቀር በሁሉም ቋንቋ ይገኛሉ። 7,000 እንግዶች ጠርቶ 189 ወንበር የዘረጋ ደጋሽ፥ እንግዶቹ በአንድ ወንበር ተደራርበው ቢያገኛቸው «እነዚህ ወንድማማቾች መሆን አለባቸው» አይልም።

ሁለተኛው በር የሕፃን አፍ ነው። እናት በብዙ ቋንቋ በ«ማ» ወይም በሚመስላት መጠራቷ የታወቀ ነው፤ እኛም «እማ»፥ «እማማ» እንላለን፥ ግዕዙም «እም» ይላል። ጆርጅ መርዶክ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ከዓለም ዙሪያ 531 የእናትና 541 የአባት መጠሪያዎች ሰብስበው ሲያነጻጽሩ ይህን መመሳሰል በቁጥር አሳዩ። ምክንያቱን የመረመሩት ሮማን ያኮብሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፥ ሕፃን ጡት ሲይዝ አፉ ስለሚዘጋ የሚያሰማው ጕርምርምታ በአፍንጫ የሚወጣ መሆኑን፥ ኋላም ምግቡን ሲሻ፥ ከዚያም ምግቡን የምትሰጠውን ሲሻ ያንኑ ድምፅ መድገሙን አስረዱ። እንግዲህ «ማማ» ከአንድ ጥንታዊ ሕዝብ ወደ ሌላው የተላለፈች ቃል ሳትሆን በየጓዳው፥ በየዘመኑ አዲስ የምትወለድ ናት። ለሚጠራጠር ሰው አንድ ምሳሌ እንጨምርለት፤ በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» አባት ነው፥ እናትም «ዴዳ» ናት። ድምፁን የሚሰጠው ሕፃኑ ነው፤ ትርጕሙን የሚያድለው አዋቂው ነው።

ሦስተኛው በር ውሰት ነው። በቬትናምኛ ፈረስ «ማ» የተባለው በቻይንኛ «ማ» ስለሆነ ነው፤ ቃሉ ተወስዷልና። ግሪኮች ዛሬ «ግን» ሲሉ «ማ» የሚሉት ከጣልያኖች ወስደው ነው። ግሪኮች ግን ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ሌላ «ማ» አለቻቸው፤ እርስዋም በመሐላ የምትገባ፥ «በእግዚአብሔር» እንደምንለው ያለች ናት። በአንድ ሕዝብ ቤት አንደኛዋ «ማ» የቤት ልጅ፥ ሁለተኛዪቱ እንግዳ ሆነው አብረው ይኖራሉ።

ወንድሞች ሳይመሳሰሉ፥ ባዕዳን ሲመሳሰሉ

አራተኛው በር ዘር ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣውም በዚህ ላይ ነው። የጣልያንኛና የፈረንሳይኛ «ማ» ጥሩ ትምህርት ይሰጡናል። ሁለቱ ቋንቋዎች የላቲን ልጆች መሆናቸውን ማንም አይክድም። ታዲያ ሁለቱ «ማ»ዎች አንድ ናቸውን? አይደሉም። የጣልያኑ «ማ» የመጣችው «ይልቅ»፥ «አብልጦ» ከሚል «ማጊስ» ከተባለ የላቲን ቃል ነው። የፈረንሳዩ «ማ» ግን «የእኔ» ከሚል «ሜአ» ከተባለ የላቲን ቃል ነው። የጣልያኑ «ማ» እውነተኛ ወንድም ፈረንሳዊው «ግን» ለማለት የሚጠራው «ሜ» ነው፤ እርሱም ከ«ማጊስ» የተወለደ ነውና። እንግዲህ ወንድሞቹ «ማ» እና «ሜ» ሆነው መልካቸው ሲለያይ፥ «ማ» እና «ማ» ግን መንትያ መስለው በዘር አይገናኙም። ይህ የሆነው በሁለት የተመሰከረላቸው ዘመዳማች ቋንቋዎች መካከል ነው። ዝምድና በድምፅ መመሳሰል የሚለካ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ወንድሙን ትተን ባዕዱን በሳምን ነበር።

የእምቢታዋ «ማ» ነገርም እንዲሁ ነው። ዐረብኛ በ«ማ» ያፈርሳል፥ ቱርክኛ በ«ማ» ያፈርሳል፥ የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትም «አታድርግ» ለማለት በ«ማ» ይከለክላል። ቱርኮች እስልምናን ከዐረቦች ተቀብለው ብዙ የዐረብ ቃል መውሰዳቸውን የሚያውቅ ሰው «ማ»ንም ወሰዱ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በሞንጎልያ ምድር በኦርኮን ወንዝ አካባቢ የተገኙት በ8ኛው መቶ ዓመት የተቀረጹት የቱርክ የድንጋይ ጽሑፎች፥ ቱርኮች ገና ሳይሰልሙ፥ ግሥን በዚህችው «ማ» ያፈርሳሉ። የሳንስክሪቷ «ማ» ደግሞ ከጥንታዊው ግሪክ «ሜ» እና ከአርመን «ሚ» ጋር አንድ ዘር ናት፤ በነዚያም ቋንቋዎች ክልከላን ታሳያለች። አንድ ድምፅ፥ አንድ ትርጕም፥ ሦስት የተለያየ ዘር።

የዐረብኛዋስ «ማ» እንዴት ከ«ምን» ወደ «አል...ም» ተሻገረች? በሰፊው የሚታመንበት ማብራሪያ ጥያቄው ራሱ እምቢታ ሆነ የሚል ነው። ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያሻውም። «እኔ ምን አውቃለሁ!» የሚል ሰው ዕውቀቱ እንዲቈጠርለት አይጠይቅም፤ «አላውቅም» ማለቱ ነው። «ምን ገዶኝ!» ማለትም «አይገደኝም» ነው። ይህ አነጋገር በአፍ ሲለመድ፥ ሲደጋገም፥ የጥያቄ ቃናው ይጠፋና እምቢታው ብቻውን ይቀራል። የቻይንኛዪቱ የጥያቄ «ማ» መንገድ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ይህች «ማ» ጥንት በዓረፍተ ነገር መጨረሻ «...ወይስ አይደለም?» በማለት ፈንታ ይቆም ከነበረ የአሉታ ቃል የወጣች ናት። እኛም «መጣ ወይ?» ስንል «ወይስ አልመጣም» የሚለውን ግማሽ ዋጥ አድርገን የምንተው ይመስላል። ዐረቡ ከጥያቄ ተነሥቶ እምቢታ ደረሰ፤ ቻይናው ከእምቢታ ተነሥቶ ጥያቄ ደረሰ፤ ሁለቱ በመንገድ ላይ ተላለፉ።

ሦስት ፈተናዎች

ታዲያ እውነተኛ ዝምድና በምን ይታወቃል? ጓደኛችን ነገ ማለዳ አዲስ ጥንድ ቃል ይዞ ቢመጣ ሦስት ነገሮች እንጠይቀው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ቃሉን ፈታህ ወይ?» የሚል ነው። ስዋሂሊው «ማጂ» ከ«ማይ» ጋር ሲታይ ዐይን ያታልላል፤ ሁለቱም ውሃ ናቸውና። በ1905 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ይገዙት በነበረው ምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ እስከ 1907 የቈየው «ማጂ ማጂ» የተባለው ዐመፅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ ዐማፅያኑ ጥይትን ውሃ ያደርጋል የተባለ የተጸለየበት ውሃ ይዘው ነበርና። ማይጨው የሚለውን የቦታ ስም፥ የ1928 ዓ.ም. ጦርነት የተደረገበትን፥ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ «ማጂ»ን ሲሰማ ልቡ ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን «ማጂ» ሲፈታ «ማ» እና «ጂ» ነው። «ማ» ያችው ቀድሞ ያየናት በስም ፊት የምትገባ ናት፤ በስዋሂሊ ፈሳሽ ነገሮች ብዙዎቹ ይህችን ይይዛሉ፤ ዘይት «ማፉታ»፥ ወተት «ማዚዋ»፥ እንባ «ማቾዚ» ነው። ዋናው ቃል «ጂ» ብቻ ነው። የግዕዙ «ማይ»፥ የዐረብኛው «ማእ»፥ የዕብራይስጡ «ማይም» ግን «ማ»ያቸው የቃሉ ሥር ናት፥ ብትወጣ ቃሉ ይፈርሳል። አንዱ ባርኔጣውን፥ ሌላው ራሱን ነው የሚያሳየን።

ሁለተኛው ጥያቄ «የጥንቱ መልክ ምን ነበር?» የሚል ነው። ጃፓንኛው «አንታ» «አናታ» የሚለው ሲያጥር ነው፤ «አናታ»ም ከጥንት «አንተ» ማለት አልነበረም፥ «ወዲያ»፥ «በዚያ በኩል» ማለት ነበር። ሰውን በቀጥታ መጥራት ነውር ስለ ሆነ አቅጣጫውን መጥራት ተለመደ፤ ቈይቶም የአክብሮት መጠሪያ ሆነ። የእኛ «አንተ» ግን ጽሑፍ እስከ ሄደበት ዘመን ድረስ ብንከተለው ያው «አንተ» ነው። ሁለቱ የተገናኙት በጕዟቸው መጨረሻ ነው፤ ዘመዳሞች ደግሞ መገናኘት ያለባቸው በመነሻው ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ «ልዩነቱስ ሕግ አለው ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ ዝምድናን የሚያጸናው መመሳሰሉ ሳይሆን በሥርዐት መለያየቱ ነውና። ግዕዝና አማርኛ «አንተ»፥ ዐረብኛ «አንታ» ሲሉ ዕብራይስጥ «አታ» ይላል። አፍንጫ በግዕዝም በዐረብኛም «አንፍ» ሲሆን በዕብራይስጥ «አፍ» ነው። ፍየል በዐረብኛ «ዐንዝ» ስትሆን በዕብራይስጥ «ዔዝ» ናት። ሴት ልጅ በዐረብኛ «ቢንት» ስትሆን በዕብራይስጥ «ባት» ናት። ዕብራይስጥ ከሌላ ተነባቢ ፊት የቆመውን «ን» እየዋጠ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ። አጋጣሚ አንድ ቃል ማመሳሰል ይችላል፤ ሕግ ማውጣት ግን አይችልም።

ይህን መንገድ ስንከተል ባዕድ አገር የወጣ ጥበብ ብቻ ነው ብለን ማፈር አይገባንም። በ17ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝንና የአማርኛን ሰዋስው ሲያዘጋጅ ያስተማረው የአገራችን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ተገናኝተው ነበር፤ የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ታትሟል። አውሮፓ የግዕዝን፥ የዕብራይስጥንና የዐረብኛን ዝምድና በጥንቃቄ እንዲረዳ ከረዱት ሥራዎች አንዱ የተጀመረው በአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አፍ ነው።

ከሁላችን ቤት ያለችው «ማ»

አሁን ሦስቱን ፈተናዎች ይዘን ወደ ጠያቂዪቱ «ማ» እንመለስ። ዐረብኛ «ማ» ምን፥ «መን» ማን ይላል። ዕብራይስጥ «ማ» ምን፥ «ሚ» ማን ይላል። በጥንታዊት ባቢሎን ይነገር የነበረው አካድኛ «ማኑ» ማን፥ «ሚኑ» ምን ይል ነበር። ግዕዝ «መኑ»፥ «ምንት»፥ ለጊዜም «ማእዜ» ይላል። ትግርኛ «መን»፥ አማርኛ «ማን»ና «ምን» ይላሉ። ኦሮምኛ «ማል» ብሎ ምን ይላል፥ ሶማልኛ «ማሓ» ይላል። ሐውሳ በምዕራብ አፍሪካ «ሜ» ይላል። የጥንት ግብጾች አናባቢ ስለማይጽፉ «ም» ብለው ብቻ ጽፈው ትተውልናል፤ ትርጕሙ ማን ወይም ምን ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይነሣና «አጭር ቃል አይታመንም ስትል ቈይተህ አሁን አጭር ቃል ልታሳምነኝ ነውን?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ማ» ብቻዋን ብትመጣ አላምናትም ነበር። ነገር ግን ብቻዋን አልመጣችም፤ ምስክሮችዋን አስከትላ መጥታለች። በዐረብኛ እርሱ ሲጽፍ «የክቱቡ»፥ እርስዋ ስትጽፍ «ተክቱቡ» ነው፤ በአማርኛ «ይጽፋል»፥ «ትጽፋለች» ነው። በሶማልኛ እርሱ ሲመጣ «ዪሚድ»፥ እርስዋ ስትመጣ «ቲሚድ» ይባላል። «ይ» ለወንድ፥ «ት» ለሴት፥ በግሥ ፊት ቆመው። እንዲህ ያለው ሥርዐት በገበያ አይሸጥም፥ በአጋጣሚም በአሥር ቤት አይበቅልም። ስለዚህ ሊቃውንት እነዚህን ሁሉ አፍሮ እስያዊ በሚባል አንድ ታላቅ ቤተሰብ ውስጥ ያስገቧቸዋል፤ የጠያቂዪቱንም «ማ» ከዚያው ከጥንቱ ቤት የወጣች ቅርስ ያደርጓታል።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የአገራችን ብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሴማውያኑ አማርኛ፥ ትግርኛ፥ ጕራጌኛና ሐረሪ፤ ኩሻውያኑ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛ፥ አፋርኛ፥ ሲዳምኛና አገውኛ። አንዱ የሌላው አባት አይደለም። ግዕዝ እንኳ፥ ሁላችን በልማድ የአማርኛ እናት የምንለው፥ በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ከእናት ይልቅ ታላቅ እኅት ነው፤ አማርኛ ከእርሱ ብዙ ቃል ቢወስድም ቅጠ ዘሩ በቀጥታ ከእርሱ አልወረደም። አማርኛ ግሡን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጡ ደግሞ፥ ግዕዝና ዐረብኛ እንዲህ አያደርጉምና፥ ከኩሻውያን ጋር በቈየበት ረጅም ጕርብትና የተማረው ነው ይባላል። ስለዚህ «ከእኛ ወሰዳችሁ» የሚለው ክስ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወረወር ባዶ እጁን የሚመለስ አይሆንም፤ ሁሉም ወስዷል፥ ሁሉም ሰጥቷል።

መልክን አይቶ ዘር መቍጠር በቋንቋ እንዳሳተን በሰውም ያሳስታል። ጃፓናዊውን በአንድ «አንታ» ወንድም አድርገን የምንቀበል፥ አጠገባችን የተኛው የክፍል ጓደኛችን ቋንቋ ግን ለጆሮአችን ስለ ራቀ ባዕድ ነው የምንል ከሆንን ፍርዳችን ተገልብጧል። «ማ» እና «ሜ» ወንድማማቾች ሲሆኑ፥ «ማ» እና «ማ» ባዕዳን ሲሆኑ አይተናልና።

የሆነ ሆኖ ከጥንት ቤታችን ተካፍለን ከወጣናቸው ቃላት አንዲቱ የጥያቄ ቃል መሆንዋ መልካም ዕድል ነው። ስለ ቃል ዘር የሚከራከር ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርስዋ ናት።